«የኛ ዘር ጉልበት የለውም»

አርሲን በሯጮቿ የሚያውቃት ሰው ስለ ዘር ማውራት ይወዳል። ደራርቱ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ከበቆጂ አካባቢ፣ ኃይሌ ከአሰላ ሲወጡ «ደማቸው ነው» ብሎ መገላገል ይቀላል። እዚያው አሰላ ግን ሜዳሊያ የማያስገኝ ሌላ የዘር ወሬም አለ። ከመቀመጫቸው ሲነሡ ግድግዳ የሚይዙ እናት «እናቴም እንዲሁ ነበሩ፤ የኛ ዘር ጉልበት የለውም» ይላሉ። ስግደት ካቆሙ ቆይተዋል። ሙስሊም ጎረቤታቸውም ወንበር ላይ ሆነው ነው የሚሰግዱት። ብርዱ ነው የሚልም ሞልቷል፤ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጦ ብርድን አለመክሰስ ከባድ ነው።

እኚህ እናት ጨርሶ አልተሳሳቱም። ሐኪሞች ኦስቲዮአርትራይተስ የሚሉት፣ የመገጣጠሚያው ልም አጥንት እየሳሳና እየተሸረሸረ የሚሄድበት ሕመም በቤተሰብ ይሄዳል። በ1996 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ቆጥሬያለሁ) እንግሊዝ ውስጥ በመንታ ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት በእጅና በጉልበት ሕመሙ ላይ የዘርን ድርሻ ከ39 እስከ 65 በመቶ ገምቶታል። በ2007 የጃፓን ተመራማሪዎች ጂዲኤፍ5 በተባለው፣ መገጣጠሚያ ሲፈጠር በሚሠራው ዘረመል ላይ የአንዲት ፊደል ለውጥ ስጋቱን ከፍ እንደሚያደርግ አሳዩ። በ2025 የወጣው ጥናት ደግሞ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችን አካቶ ከ900 በላይ እንዲህ ያሉ ልዩነቶችን ቆጥሯል። አብዛኞቹ ግን ለየብቻቸው የሚጨምሩት ስጋት ኢምንት ነው። በጉልበት ላይ የሚፈርድ አንድ ዘረመል የለም።

ደግሞስ የማን ደም ነው የተመረመረው? በብዛት የአውሮፓውያን። በ2017 የወጣ አንድ ጥናት በዚሁ ጂዲኤፍ5 አጠገብ ያለና አጥንትን በጥቂቱ የሚያሳጥር ልዩነት በአውሮፓና በእስያ እንደተስፋፋ፣ በአፍሪካ ግን ብርቅ እንደሆነ አመልክቷል። ከአፍሪካ ወጥተው ቅዝቃዜ የገጠማቸውን ሰዎች ሳይጠቅም አልቀረም ባይ ናቸው አጥኚዎቹ፤ ከጉልበት ሕመም ስጋት ጋርም ይያያዛል። «እንግዲያው እኛ ተረፍን» ለማለት አይቸኮልም። በኢትዮጵያውያን ደም ውስጥ ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ከውጭ የተመለሱ ሰዎች ድርሻ ቀላል አይደለም። የአውሮፓም ሆነ የአፍሪካ ጥቅል ቁጥር ለአንዲት የአርሲ እናት አይሆናትም። ሚኒሶታ ያለች ልጅ የዘረመል ምርመራ ብላ ምራቋን ለማስመርመር ብር እንዳታወጣ የምመክረው ለዚህ ነው።

ስለ ሩጫውም ቢሆን ደም መርማሪዎች መጥተው ነበር። በ2003 የታተመው ጥናታቸው ከማራቶን ሯጮቻችን ውስጥ አርሲዎች ከሕዝባቸው ቁጥር በላይ መብዛታቸውንና ብዙዎቹ ትምህርት ቤት እየሮጡ መሄዳቸውን አገኘ። የሯጮቻችን ልዩ ዘረመል ግን ከዚያ ወዲህም አልተገኘም።

የበለጠ የሚያስተምረን የራሳችን ምሳሌ አለ። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣውን የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስን፣ ወላይታ ውስጥ ያጠኑ ሰዎች የዘር ድርሻው 63 በመቶ እንደሚደርስ ገምተዋል። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹም በ2012 ከሕመሙ ጋር የሚያያዝ የዘረመል አካባቢ አገኙ። መከላከያው ግን ጫማና በሳሙና መታጠብ ነው። 63 በመቶ በዘር የሆነን በሽታ ጫማ ያስቀረዋል!

የጉልበት ጫማው ሸክም መቀነስ ነው። አሜሪካ ፍራሚንግሃም ውስጥ 5 ኪሎ ገደማ የቀነሱ ሴቶች የጉልበት ሕመም ስጋታቸው በግማሽ ወርዷል። የከተማው ሰው ይህን ይስማ። በገጠሩ አርሲ ግን ትርፉ ክብደት ሰውነት ላይ አይደለም፤ ጀርባ ላይ ነው። አንድ ጀሪካን ውሃ 20 ኪሎ ነው። ቁልቁለትና ዳገት ላይ፣ ከልጅነት እስከ እርጅና፣ ማገዶም ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ለመገመት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ሩጫውን ግን በከንቱ አንውቀስ። ብዙ ጥናቶችን የደመረ አንድ የ2017 ሥራ ለጤናቸው ከሚሮጡት ውስጥ የዳሌና የጉልበት ሕመሙ ያለባቸው 3.5 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ከማይሮጡት 10.2 በመቶ መሆናቸውን አስልቷል። ለውድድር በሚሮጡት ላይ 13.3 ነው፤ እሱ የሙያ ዋጋ ነው።

ስለዚህ ለበዓል ወደ አሰላ፣ ወደ በቆጂ፣ ወደ ሳጉሬ የምትሄዱ ልጆች፣ ሻንጣችሁን በዲክሎፌናክ አትሙሉት። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲዘወተር ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ይጎዳል። ይልቅ እናታችሁን ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው፤ የጭን ጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ እንዲያሳዩአቸው ጠይቁ። ለመድኃኒቱ ባሰባችሁት ገንዘብም የአህያ ጋሪ ተከራዩላቸው፣ ውሃውን ያምጣ።