የጎንደርና የኢየሩሳሌም ርቀት

ከጎንደር እስከ ቴል አቪቭ ያለው መንገድ በአየር ላይ በቀጥታ ሲሰፈር 2,200 ኪሎ ሜትር ግድም ስለሆነ፣ ለጄት አውሮፕላን ሦስት ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ሆኖም ከአዘዞው የዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሣ መንገደኛ፣ መድረሻው በስተ ሰሜን ሆኖ ሳለ፣ አስቀድሞ አንድ ሰዓት ያህል ወደ ደቡብ በርሮ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ አራት ሰዓት የሚጠጋ በረራ ይጠብቀዋል። እኔም የሁለት ከተሞች ርቀት በኪሎ ሜትር ብቻ ሲነገር ከእውነቱ እኩሌታው ይቀራል ባይ ነኝ፤ መንገደኛን ከሁሉ ይልቅ የሚያዘገየው የአሳላፊው ፈቃድ ነውና።

ይህም ጥንትም እንዲሁ ነበር። ታላቁን ዐፄ ኢያሱን እንዲያክም የተጠራው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ በሰኔ 1690 ዓ.ም. ከካይሮ ተነሥቶ ጎንደር የገባው በሐምሌ 1691 ዓ.ም. ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ደግሞ በታኅሣሥ 1764 ዓ.ም. ከጎንደር ወጥቶ በጥር 1765 ዓ.ም. ካይሮ ሲደርስ፣ ከዓመቱ አራት ወር ያህሉን የፈጀው በሱዳኗ ስናር ተይዞ ነበር።

የዚህን መንገድ ልክ በሥጋቸውም በነፍሳቸውም የሚያውቁት ግን የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት ቤተ እስራኤል ናቸው። በ1854 ዓ.ም. ገደማ አባ መሐሪ የተባሉት መነኩሴ ሕዝቡን አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም ቢነሡ፣ ከትግራይ ሳያልፉ ብዙው በረኃብና በደዌ አለቀ። ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላም በጎንደር ዙሪያ ካሉት መንደሮች የወጡ ቤተሰቦች፣ ሽማግሌውን በበቅሎ ጭነው፣ ሕፃኑን በአንቀልባ አዝለው፣ ሌሊት እየተጓዙ ቀን በጫካ እየተሸሸጉ ወደ ሱዳን ወረዱ፤ የደጋ አየር የለመደው ሰውነታቸውም የቆላውን ወባና የመጠለያውን ተስቦ ሊቋቋም አልቻለም፤ በመንገድና በመጠለያ ያለቁት 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በምስጢር ከካርቱም የተወሰዱት 8,000 ያህል ሰዎችም እንኳ በቀጥታ አልደረሱም፤ ነገሩ እንዳይገለጥ አውሮፕላኖቹ በብራስልስ በኩል ዞሩ። እስራኤል በስተ ሰሜን ቅርብ ሆና ሳለ፣ አውሮፓን ማየት ግድ ሆነባቸው!

ፈቃዱ በተገኘ ጊዜ ደግሞ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ምን እንደተደረገ ዓለም አይቷል። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ተሻገረ፤ መቀመጫው ተነቅሎለት ከሺህ በላይ ነፍስ የጫነ አውሮፕላን ነበረ፤ በአየር ላይ ሳሉ የተወለዱ ሕፃናትም ነበሩ። ለአባ መሐሪ ማኅበር ያልተዘለቀው መንገድ በአራት ሰዓት ተዘለቀ።

ዛሬም በጎንደር ከተማ እርሻቸውንና ከብታቸውን ትተው ከገጠር የገቡ፣ ከቤተ እስራኤል እንወለዳለን የሚሉ፣ በኪራይ ቤት ሆነው ወደ እስራኤል ለመሄድ ተራቸውን የሚጠብቁ ቤተሰቦች አሉ። ገና በልጅነቱ የመጣው ጎልምሶ ልጆች ወልዷል፤ እናት እዚህ፣ ልጅ እዚያ ሆነው ዘመን አልፏል። በጸሎት ቤታቸው ነጠላቸውን ተከናንበው ፊታቸውን ወደ ሰሜን ሲያዞሩ ያየ ሰው፣ የአራት ሰዓት በረራ እንዴት የሃያ ዓመት ደጅ ጥናት እንደሆነ ሳይጠይቅ አያልፍም። ማን ይሂድ፣ ማን ይቅር የሚለው ክርክር ብዙ ነው፤ እኔም አልፈርድበትም። ጉዳዩ በእጃቸው ያለ ሹማምንት ግን ለእያንዳንዱ ቤተሰብ እሺታውንም ሆነ እምቢታውን ቀን ቆርጠው ይንገሩት፤ የሚሄደው እንዲሰናዳ፣ የሚቀረውም ወደ እርሻው እንዲመለስ።