ጉልበቱን ያመመውን ልጅ ‹‹ጂም ተው›› ከማለታችሁ በፊት



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ጉልበት ናቸው። ወላጆች ‹‹ልጄ ብረት ማንሳት ከጀመረ ወዲህ ጉልበቱን ያመዋል፤ ላስቁመው ወይ?›› ይላሉ። ወጣቶቹ ደግሞ ‹‹ዶክተር፣ ስኳት ስሠራ ከጉልበቴ ሎሚ ሥር ይወጋኛል፤ ግን ማቆም አልፈልግም፤ ምን ልዋጥ?›› ይሉኛል።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ሙሉ በሙሉ ማቆም ሕክምና አይደለም። ክኒን እየዋጡ እንደበፊቱ መቀጠልም ሕክምና አይደለም። የጉልበት ጅማት ሕመም የሚሻለው በተመጠነ ክብደት ነው፤ ያሳመመው ሸክም ራሱ፣ ልኩ ሲታወቅ መድኃኒት ይሆናል። ለብዙ ወላጅ ይህ እንደማይዋጥ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ላስረዳ።

መጀመሪያ ስለየትኛው ሕመም እንደማወራ እንግባባ። ከጉልበት ሎሚ የታችኛው ጫፍ ተነስቶ ቅልጥም አጥንት ላይ የሚጣበቅ ወፍራም ጅማት አለ። ከወንበር ስንነሳ፣ ደረጃ ስንወርድ፣ ስንዘል፣ የጭናችን ጡንቻ ጉልበታችንን የሚዘረጋው በዚህ ጅማት በኩል ነው። ይህ ጅማት የታመመ ሰው የሚያመውን ቦታ በአንድ ጣት ጠቁሞ ያሳያችኋል። ልምምድ ሲጀምር ያመዋል፣ ሰውነቱ ሲሞቅ ይተወዋል፣ በማግስቱ ጠዋት ደረጃ ሲወርድ ግን ተመልሶ ይመጣል። ከሶዶ አዲስ አበባ ድረስ ጉልበቱን አጥፎ መኪና ውስጥ ሲቀመጥም ይጠዘጥዘዋል። መረብ ኳስና ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችን ስለሚያዘወትር ‹‹የዘላዮች ጉልበት›› የሚል ስም ወጥቶለታል፤ እኔ ጋ የሚመጡት ግን በአብዛኛው ዘላዮች ሳይሆኑ ክብደት ትከሻቸው ላይ አድርገው ቁጭ ብድግ የሚሠሩ ናቸው። በ55 ዓመታቸው ሲነሱ ሲቀመጡ ‹‹ቋ›› የሚልባቸው እናቶች ጉልበት ሌላ ጉዳይ ነው፤ በሌላ ቀን እንመለስበታለን።

ለምን ይታመማል? ጡንቻ ፈጣን፣ ጅማት ደግሞ ዘገምተኛ ስለሆነ ነው። አንድ ወጣት በሁለት ወር ውስጥ ጭኑ ይሞላል፣ አቅም ይሰማዋል፣ ባለፈው ሳምንት 60 ኪሎ ያነሳው ዛሬ 80 ይሞክራል። ጅማቱ ግን የሚደርሰው ደም አነስተኛ ነው፤ አዲሱን ሸክም ለመልመድ ወራት ይፈልጋል። ጡንቻው ‹‹ጨምር›› ሲል ጅማቱ ገና ያለፈውን ወር ክብደት አልጨረሰም። ለጊፋታ ሁለት ሳምንት ሲበላ ሲጠጣ ከርሞ በመጀመሪያው ቀን ካቆመበት ክብደት የሚጀምርም አለ። እሱም ሲያመው ‹‹ምን ነካኝ?›› ይለኛል።

ከተማችን ውስጥ ደግሞ የጣሳው ጉዳይ አለ። ለጂም የሚከፍለው የሌለው ልጅ ሁለት ጣሳ ሲሚንቶ ሞልቶ፣ በብረት ቱቦ አያይዞ ጓሮ ውስጥ ይሠራል። በእውነት አደንቀዋለሁ። ችግሩ ጣሳው ስንት ኪሎ እንደሆነ ማንም አለማወቁ ነው። ከትንሹ ጣሳ ወደ ትልቁ ሲታለፍ በአንድ ቀን 20 ኪሎ ሊጨመር ይችላል። እህል ነጋዴ ጋ ወስዳችሁ አስመዝኑት፤ ቢስቁባችሁም ይሳቁ።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር። በቅርቡ አንድ የ22 ዓመት ወጣት ከእናቱ ጋር መጣ። እናቱ ገና ሳይቀመጡ ‹‹ዶክተርዬ፣ እኔን አልሰማ ብሏል፤ አንቺ ተወው በይልኝ›› አሉኝ። ‹‹እናቴ፣ አይተወውም፤ ይቀንሰዋል›› ስላቸው በጣም ነው የተቀየሙኝ። ልጁ ግን ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ሞክሮታል። ሁለቱንም ጊዜ ለሁለት ወር አረፈ፣ ሕመሙ ጠፋ፣ ተመለሰ፣ በሳምንቱ ያው ሆነ። ይህ የሚጠበቅ ነው። ጅማት ሸክም ካላገኘ አቅሙ ይቀንሳል። እረፍት ላይ ያላመመው ስለዳነ ሳይሆን ምንም ስላልተሸከመ ነው፤ ሲመለስ ደግሞ የቀድሞውን ክብደት የሚጠብቀው ከቀድሞው የደከመ ጅማት ነው። ከሁለት ሦስት እንዲህ ዓይነት ዙር በኋላ ልጁ ‹‹የእኔ ጉልበት አይረባም›› ብሎ ስፖርቱን እርግፍ አድርጎ ይተዋል። የሚያስቆጨኝ ይሄ ነው። ከትምህርት መልስ፣ ከሥራ ፍለጋ መልስ የሚሄድበት ጂም የነበረው ልጅ በጉልበት ሕመም ምክንያት ቤቲንግ ቤትና ጫት ቤት ሲገኝ ማየት አልፈልግም። ወላጆችም የምትፈልጉት አይመስለኝም።

በሌላ በኩል የጂም ጓደኞች ምክር አለ፦ ‹‹ካላመመህ አልሠራህም።›› ይህ ለጡንቻ ዝለት ትንሽ እውነት አለው፤ ለጅማት ግን የለውም። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ዲክሎፌናክ የሚውጥ ወጣት ልኩን የሚነግረውን ምልክት እያፈነ ነው፤ መድኃኒቱ ሲዘወተር ጨጓራንና ኩላሊትን እንደሚጎዳም አትርሱ። ወጌሻ ጋ የሚሄዱት ደግሞ ‹‹ጅማቱ ዞሯል›› ይባላሉ። ጅማቱ አልዞረም፣ ስለዚህ የሚመለስ ነገር የለም፤ የታመመውን ቦታ በኃይል ማሸት ሊያባብሰው ይችላል። ቁርጥም ቢሆን፣ ወላይታ ሆኜ ክፉ አልናገርበትም፣ ግን ጅማት አይጠግንም። ፕሮቲን ዱቄትም እንዲሁ።

ስቴሮይድ መርፌ ተወግተው ‹‹በሳምንቱ ዳንኩ›› የሚሉም አሉ። እውነታቸውን ነው፣ መጀመሪያ ላይ ይሻላል። በፈረንጆቹ 2009 የታተመ አንድ የዴንማርክ ጥናት ይህ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በሦስት ከፍሎ ነበር፦ አንዱ ቡድን ስቴሮይድ ተወጋ፣ ሁለቱ የተለያየ ልምምድ ለ12 ሳምንት ሠሩ። በ12ኛው ሳምንት ሦስቱም ተሽሏቸው ነበር። በስድስተኛው ወር ግን የተወጉት ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ከባድ ክብደት በዝግታ ያነሱት መሻላቸው ጸና። ይህን እያወቅኩ ለወጣት ጅማት መርፌ አልመክርም።

አንድ ነገር ላክል፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ሲፕሮፍሎክሳሲንና የእሱ ቤተሰብ የሆኑ ፀረ ተሕዋስያን ጅማትን ሊያሳምሙ፣ አልፎ አልፎም ሊያስበጥሱ ይችላሉ። በብዛት የሚጠቃው የተረከዝ ጅማት ቢሆንም ሌሎችም አይቀሩም። ‹‹ታይፎይድ ይዞኝ ይሆናል›› ብሎ ከመድኃኒት ቤት በራሱ የገዛ ሰው አዲስ የጅማት ሕመም ከጀመረው ልምምዱን አቁሞ ሐኪም ያማክር።

እሺ፣ ምን ይደረግ? ዝላይን፣ ከዳሞታ ቁልቁል መሮጥን ለጊዜው ተዉ። ክብደቱን ቀንሱ። ከዚያ በየጠዋቱ ጉልበታችሁን ፈትኑ፦ አንድ ደረጃ በአንድ እግር ቀስ ብላችሁ ውረዱና ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጡት። በልምምድ ጊዜ እስከ 3 ወይም 4 ድረስ ቢያምም አትደንግጡ፤ ዋናው በማግስቱ ጠዋት ፈተናው ላይ ከትናንት መባስ የለበትም። ከባሰ ትናንት አብዝታችኋል፣ ቀንሱ። ካልባሰ ቀጥሉ። ሳምንት ሙሉ ካልባሰ ትንሽ ጨምሩ።

ሕመሙ ጠንከር ሲል ከግድግዳ በሚጀምር ልምምድ ይጀመራል። ጀርባችሁን ግድግዳ አስደግፉ፣ የሌለ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ዝቅ በሉና 45 ሴኮንድ ቆዩ። አንድ ሁለት ደቂቃ እያረፋችሁ አምስት ጊዜ ደጋግሙት። አንዳንዱን ወዲያው ያስታግሰዋል፤ ሁሉንም አይደለም። ያ ሲቀል በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቀን እየዘለላችሁ፣ ቁጭ ብድጉን በክብደት ጀምሩ፤ ግን በዝግታ። ሦስት ሴኮንድ መውረድ፣ ሦስት ሴኮንድ መነሳት፣ አራት ዙር። መጀመሪያ 15 ጊዜ ብቻ ልታነሱት የምትችሉትን ክብደት ምረጡ፣ በሳምንታት ውስጥ ክብደቱን እየጨመራችሁ ቁጥሩን ወደ 6 አውርዱ። ዝግታው ላይ አትደራደሩ፤ ብዙዎች የሚያበላሹት እዚያ ነው፣ ጓደኛ ሲያያቸው ይፈጥናሉ። ማሽን ለሌለው፣ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ በጀርባ ቦርሳ አሸዋ ማዘልም ይሆናል። ቢያንስ ሦስት ወር ስጡት። ስድስት ወር የሚፈጅበትም አለ። ፊዚዮቴራፒስት የምታገኙ ከሆነ በእሱ ክትትል ብትሠሩት ይመረጣል።

ምስል ለመነሳት ገንዘብ አትቸኩሉ። ራጅ ጅማትን አያሳይም። አልትራሳውንድና ኤምአርአይ ደግሞ ምንም የማያማቸው ስፖርተኞች ጅማት ላይም ለውጥ ያሳያሉ፤ ውጤቱን አንብቦ መደንገጥ ይበዛል።

ሳይውል ሳያድር መታየት ያለበት ግን አለ። ‹‹ጧ›› ብሎ ተሰምቶት ከዚያ በኋላ እግሩን ቀጥ አድርጎ ማንሳት ያቃተው ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ጉልበቱ ያበጠ፣ የጋለ፣ ትኩሳት ያለበት አይጠብቅ። ከሁሉም በላይ ወላጆች ልብ በሉ፦ ልጁ ሳይንቀሳቀስ ሌሊት የሚቀሰቅሰው ሕመም፣ እያደገ የሚሄድ እብጠት ካለ ‹‹ስፖርት ነው›› ብላችሁ አትለፉ። የአጥንት ካንሰር በወጣትነት ዕድሜ ጉልበት አካባቢ ይወጣል። እምብዛም አያጋጥምም፣ ግን ራጅ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። ሶዶ ላይ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታልም፣ ሶዶ ክርስቲያንም አሉ።

ከ10 እስከ 15 ዓመት ባሉ፣ በማደግ ላይ ባሉ ልጆች ከሎሚው ዝቅ ብሎ ቅልጥሙ ላይ የምትወጣ፣ ስትነካ የምታም ጉብታ አብዛኛውን ጊዜ ከእድገት ጋር የተያያዘች ናት፤ አጥንቱ ማደጉን ሲጨርስ ሕመሙ ይተዋል። አንድ ጊዜ ሐኪም ይያት፣ ከዚያ ሩጫና ዝላዩን መቀነስ ይበቃል። ‹‹ክብደት ማንሳት ቁመት ያስቀራል›› የሚባለው ግን እውነት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ይመክራል። የሚያስተምራቸው ትልቅ ሰው አጠገባቸው ይኑር።

በውስጥ መስመር ስትጽፉልኝ ሦስት ነገር አትርሱ፦ ዕድሜ፣ በአንድ ጣት የሚጠቆመው ቦታ የት እንደሆነ፣ ባለፉት አራት ሳምንታት ስንት ኪሎ እንደጨመራችሁ። የጉልበት ፎቶ አትላኩልኝ፤ ጅማት በፎቶ አይታይም።