ከፍሎ መልሶ መበደር እዳ መክፈል አይደለም፦ ርካሽ ብድር በሌለበት ከስልክ ብድር እንዴት ይወጣል?

አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ባጃጅ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። ባለፈው ወር ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለስልክ ብድሩ 4,000 ብር ከፈለ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ያንኑ 4,000 ብር መልሶ ተበደረ። የከፈለበትንም ብር ለዚያች አሥር ደቂቃ ያበደረው ሌላ ባጃጅ ነጂ ነው። «እዳዬን እኮ ከፈልኩ» አለኝ እየሳቀ።

እንዲህ ሲያደርግ 7ኛ ወሩ ነው። በየወሩ ከ100 ብር 6 ብር ይቆረጥበታል፤ ማለትም 240 ብር። በ7 ወር 1,680 ብር ከፍሏል። የቀረበት እዳ ስንት ነው? 4,000 ብር። አንድ ብር አልቀነሰም።

ይሄ የእሱ ብቻ ታሪክ አይደለም። ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ ሻሸመኔ ያላችሁ ሁሉ እንደዚህ የሚያደርግ ሰው ታውቃላችሁ። ምናልባት ራሳችሁ ናችሁ።

አሜሪካ ውስጥ ሰው በእዳ የሚያዘው በክሬዲት ካርድ ነው፤ ወለዱም በአማካይ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነው። እኛ ኪስ ያለው ካርድ የራሳችንን ብር የምናወጣበት የኤቲኤም ካርድ ነው። የክሬዲት ካርዱን ቦታ የያዘው ስልካችን ነው። ቴሌብር በ2014 ዓ.ም ነሐሴ ላይ ከዳሸን ባንክ ጋር «መላ» እና «እንደኪሴ»ን ጀመረ። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ደግሞ «ሚቹ» አለው፤ በኦሮምኛ ጓደኛ ማለት ነው። ስሞቹን ልብ በሉ፦ መላ፣ ኪስ፣ ጓደኛ። እዳ የሚል የለም።

ለፍትሕ ያህል፣ ብድሩ ራሱ መጥፎ አይደለም። ቤትም መኪናም ማስያዝ ለማይችል ሰው ባንክ በሩን ዘግቶ ነው የኖረው። ከመቂ ቲማቲም አምጥታ አዳማ በ3 ቀን የምትሸጥ ልጅ ብድሩን ወዲያው ከትርፏ ትመልሳለች፤ ለእሷ ያዋጣል። ችግሩ የሚመጣው ብሩ ለቤት ኪራይ፣ ለጎማ ወይም ለለቅሶ ሲወጣ ነው። ባቱ አካባቢ ሽንኩርት ለሚያለማ ወጣትም እንደዚያው ነው፦ ሽንኩርቱ ለመድረስ ወራት ይፈልጋል፣ ብድሩ ግን በ30 ቀን ይደርሳል።

«ታዲያ በአነስተኛ ወለድ ከባንክ ተበድሮ ይሄን አይዘጋም?» ትሉ ይሆናል። ወረቀት ላይ ትክክል ነው። ነገር ግን ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመቆጣጠር በ2015 ዓ.ም ነሐሴ ላይ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ። ገደቡ ከዚያ ወዲህ ከፍ ቢልም፣ ባንክ የሚያበድረው ብር ሲጠብበት ቅድሚያ የሚሰጠው ለትልቅ ደንበኛውና መያዣ ላለው ነው። በ2016 ዓ.ም ሐምሌ ላይ የወጣው የብሔራዊ ባንክ መነሻ ወለድ ራሱ 15 በመቶ ነው። ባጃጁን በኪራይ ለሚሠራ ልጅ ርካሽ ብድር ይመጣል ብሎ መጠበቅ በቃ ጊዜ ማባከን ነው።

እንግዲህ ወለዱን መቀነስ ካልቻልን የሚቀነሰው ብድሩ ራሱ ነው። እንዴት?

1. ክፍያውን በዓመት ቁጠሩት። «ከመቶ 6 ብር» ትንሽ ይመስላል። በየወሩ ከታደሰ ግን በዓመት 72 ብር ነው። የሳምንት ብድር ከሆነ ደግሞ ዓመቱ 52 ሳምንት እንዳለው አትርሱ።

2. መልሳችሁ ስትበደሩ አሳንሱ። ጓደኛዬ ዛሬ 4,000 ከፍሎ 3,500 ብቻ ቢበደር፣ በሚቀጥለው ወር 3,000፣ ከዚያ 2,500 እያለ ቢወርድ፣ ሰባት ጊዜ ተበድሮ በስምንተኛው ይጨርሳል። በሙሉ የሚቆረጥበት 840 ብር ነው። እስካሁን ከከፈለው ግማሽ፣ ያውም እዳው ዜሮ ሆኖ! ለዚህ የሚያስፈልገው በወር 500 ብር ነው፤ በቀን 17 ብር ገደማ፣ ከአንድ ማኪያቶ ያነሰ። ስልኩ «እስከ 6,000 መበደር ይችላሉ» ሲል ግን አትስሙት። የተፈቀደላችሁ ጣሪያ ገቢያችሁ አይደለም።

3. ሁለት ሦስት ብድር ካለባችሁ መጀመሪያ የሚዘጋው ውዱ ነው። ትልቁ ሳይሆን ከ100 ብር በወር ብዙ የሚቆርጠው። የሌሎቹን ቀን ሳታሳልፉ እየከፈላችሁ፣ የተረፈችውን ሁሉ እሱ ላይ ጣሉ። ደግሞ አንድ ነገር አጣሩ፦ ክፍያው በቀን የሚታሰብ ከሆነ ቀድሞ መክፈል ያዋጣል። ገና ስትበደሩ አንድ ጊዜ የሚቆረጥ ከሆነ ቀድሞ መክፈል አይቀንሰውም፤ ያን ብር ቀኑ እስኪደርስ ሥራ ላይ አዙሩት።

4. እቁብ። ወለድ የሌለው ብድር በሰፈራችን አለ፤ ብድር ብለን ስለማንጠራው ነው። አሥር ሰዎች በሳምንት 500 ብር ቢጥሉ ዕጣው 5,000 ነው። መጀመሪያ የደረሰው ሰው ከዘጠኙ ያለወለድ ተበድሯል ማለት ነው። የመጨረሻው ደግሞ ቆጥቧል። ውድ የስልክ ብድር ያለበት ሰው ችግሩን ለእቁቡ ዳኛ ነግሮ፣ ዋስ አቅርቦ ዕጣውን ቀድሞ እንዲወስድ መጠየቅ ይችላል። ብዙ እቁብ ይሄን ያደርጋል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፦ ብሩ በገባበት ቀን ብድሩ ይዘጋ፣ ከዚያ በኋላ አትበደሩ። ካልሆነ የእቁብም የስልክም እዳ ይኖርባችኋል፤ የእቁቡ ዋስ ደግሞ ጓደኛችሁ ነው።

5. አራጣ ጋ አትሂዱ። «በወር ከመቶ 10» ማለት በዓመት 120 በመቶ ነው። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ለሰው ሲያበድር የሚያስበው ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። አሥር እጥፍ ነው ማለት ነው። አራጣ በወንጀል ሕጉም ያስጠይቃል። ባዶ ቼክ ወይም ባዶ ወረቀት ላይ ፈርሙ ከተባላችሁ ተነስታችሁ ሂዱ።

ይሄ ሁሉ ግን የተበዳሪው ድርሻ ነው። የአበዳሪዎቹስ? ኬንያ በዚህ መንገድ ቀድማን ሄዳለች። ኤም-ሽዋሪ የተባለው የስልክ ብድር እ.ኤ.አ. በ2012 ሲጀመር ክፍያው ለ30 ቀን 7.5 በመቶ ነበር። በዓመት ሲታሰብ 90 በመቶ። ፉሊዛ የተባለው ሌላው ደግሞ ሕዝቡ ሲያማርርና መንግሥት ሲገባበት እ.ኤ.አ. በ2022 ክፍያውን ቀነሰ። ዋጋው ከሰማይ የወረደ አልነበረም ማለት ነው፤ ሲጠየቅ ወረደ።

እኛ አገር ለመጀመር ያህል አንድ መስመር ይበቃል፦ «ተበደር» የሚለውን ከመንካታችን በፊት፣ ይህ ብድር በየወሩ ቢታደስ በዓመት ስንት በመቶ እንደሚያስከፍል ስክሪኑ ላይ በትልቁ ይጻፍ። ብሔራዊ ባንክ ይሄን ማዘዝ ይችላል። ወጪውም ለማንም አይከብድም።

ጓደኛዬ ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሳሳየው ዝም አለ። ከዚያ «1,680 ብር... ጎማ እኮ እቀይርበት ነበር» አለ። በዚህ ወር 3,500 ነው የተበደረው።