ድር መቼ አንበሳ አሠረ?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ የማያውቅ የአማርኛ መምህር ይኖራል ብዬ አልገምትም። ስለ ኅብረት ሲመክር ይጠቅሰዋል፤ አልፎ ተርፎም በክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። ለመሆኑ ድር መቼ አንበሳ አሠረ? የትኛው አዳኝ፣ በየትኛው ጫካ አየ? ማንም አላየም። ሆኖም ተረቱን በውሸት የከሰሰ የለም። ተናጋሪውም ሰሚውም ነገሩ የተጋነነ መሆኑን ያውቃሉና።

ይኸው መምህር የልጆችን ድርሰት ለማረም ቀይ እስክሪብቶ ያነሣ ዕለት ግን ሌላ ሰው ይሆናል። አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ «ውሃ ከመጥፋቱ የተነሣ ወረፋ የያዘው ጀሪካናችን ጢም አበቀለ» ብሎ ጻፈ እንበል። ቀዩ እስክሪብቶ ያሰምርበታል፤ ከጎኑም «ጀሪካን ጢም አያበቅልም» የሚል ተግሣጽ ይሰፍራል። ልጁም ትምህርቱን ያገኛል። በሚቀጥለው ድርሰቱ «በሰፈራችን ከፍተኛ የውሃ እጥረት ይታያል» ይላል። ሙሉ ነጥብ! ዓረፍተ ነገሩ የልጅ መሆኑ ቀርቶ የቀበሌ ቃለ ጉባኤ መምሰሉን የሚያስተውል የለም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ያው ልጅ «ግነት ማለት አንድን ነገር ከልኩ በላይ አግዝፎ ወይም አሳንሶ የሚያቀርብ ዘይቤ ነው» የሚለውን ትርጓሜ ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ይገለብጣል። በፈተናም «ከሚከተሉት መካከል ግነት የትኛው ነው?» ይባላል። «ሐ»ን አክብቦ ያልፋል። ስሙን አወቀ፤ ነገሩን ግን ገና ድሮ ነጥቀነዋል።

የሚያሳዝነው ልጁ ግነትን ከቤቱ ይዞ መምጣቱ ነው። እናቱ «ሺህ ጊዜ ነገርኩህ» ትለዋለች፤ አያቱ «ሺህ ዓመት ኑር» ብላ ትመርቀዋለች፤ እርሱም ከጨዋታ ሲመለስ «ሆዴ ከጀርባዬ ተጣበቀ» ብሎ እንጀራ ይጠይቃል። ፎካሪ ብቻውን ጦር ሲመልስ፣ አልቃሽ በሙሾዋ ፀሐይን ስታጨልም ሰምቶ ያድጋል። ታዳሚው ሬሳ አይቆጥርም፤ ሰማዩንም ቀና ብሎ አያይም። የጀግናውን ወኔና የሐዘኑን ጥልቀት ይለካበታል እንጂ። ትምህርት ቤት ይህን ሀብት አሳድጎ መመለስ ሲገባው በሩ ላይ ያስጥለዋል።

«ልጆችን ማጋነን ብናስተምር ውሸት ይለምዳሉ» የሚሉ ወላጆችና መምህራን አሉ። ሥጋታቸው ቅን ነው፤ አቅጣጫው ግን ተሳስቷል። ውሸታም ተንኮሉ እንዳይነቃበት ይጠነቀቃል። አጋናኝ ግን ካልተነቃበት ጨዋታው ይበላሽበታል። ግነት ውሸት የሚሆነው ግነትነቱን የደበቀ ዕለት ነው። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሕፃን ደግሞ አድጎ ለሌሎች ውሸት ይመቻል።

ከታሪካችን ሁለት ምሳሌ ልጥቀስ። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1901 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተሙት «ዳግማዊ ምኒልክ» ንጉሡን ሲያወድሱ ብዕራቸውን አልቆጠቡም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተሰኘው ጽሑፋቸው የወቀሷቸው ማወደስ በራሱ ነውር ስለሆነ አልነበረም፤ ያደላ ብዕር ታሪክ ነኝ ብሎ ስለቀረበ ነው። በደርግ ዘመን ደግሞ «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን» የሚል መፈክር ይሰማ ነበር። መስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በአዲስ አበባ በድምቀት ሲከበር በወሎና በትግራይ ሕዝብ በረሃብ ያልቅ ነበር። መፈክሩ ግነት ነበር። ግን ግነት መሆኑን አምኖ ቢሆን ኖሮ ሰው ፈገግ ብሎ ባለፈው! እርሱ የመጣው እንደ ዕቅድና እንደ ትእዛዝ ነው። ዛሬስ በየእጅ ስልኩ የሚዘንበው «ሁሉን በሽታ የሚፈውስ» መድኃኒትና «በታሪክ ታይቶ የማይታወቅ» ስኬት ከዚህ በምን ይለያል?

እንግዲያውስ ግነትን እንዴት እናስተምር? አንደኛ፣ ልጁ እውነቱን ይያዝ። ውሃው በእርግጥ ስንት ቀን ጠፋ? ማን ቀዳ? መጋነን ያለበት ስሜቱ ነው፤ ቀኑ አይደለም። ሁለተኛ፣ «በጣም በጣም በጣም» ማለት ግነት አለመሆኑን ይወቅ፤ እርሱ ጩኸት ነው። ግነት በዓይን የሚታይ ነገር ይፈልጋል፤ ጀሪካንና ጢም ይፈልጋል። ሦስተኛ፣ ግነት እንደ በርበሬ መሆኑን ይቅመሰው፤ በየዓረፍተ ነገሩ ከተነሰነሰ ወጡ አይበላም። አራተኛ፣ ቦታውን ይለይ። የጀሪካኑ ጢም ለድርሰት ያምራል፤ ለውሃ መሥሪያ ቤት በሚጻፍ አቤቱታ ውስጥ ግን ቀኑና የቤት ቁጥሩ ይግባ። አንዱን ጉዳይ በሁለቱም መንገድ ጽፎ ያነጻጸረ ልጅ ትርጓሜ መሸምደድ አያስፈልገውም።

«ስድሳና ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ይህን ሁሉ ድርሰት ማን ያርማል?» ለሚለው እሮሮ ጆሮዬን አልደፍንም። መምህሩ ላይ የተጫነው ሸክም እውነት ነው። ነገር ግን እኔ የጠየቅሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ልጆች በቃል ይናገሩት፤ ክፍሉ ይሳቅ፤ ከዚያም «ምን ለማለት ፈልጎ ነው? እውነቱስ ምን ያህል ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። ለዚህ ደብተር መሰብሰብ አያሻም።

ይህን ጥያቄ በጀሪካን ጢም የለመደ ልጅ ነገ ባለሥልጣን መድረክ ላይ ወጥቶ ድር አንበሳ አሠረ ሲለው ያጨበጭብ እንደሆነ እንጃ፤ አስቀድሞ ግን አንበሳውን አሳዩኝ ማለቱ አይቀርም።