የባትማን መጥረቢያ የሚያርፈው በማን ላይ ነው?

ከጓደኞቻችን መካከል ኮሚክ የሚባለውን የሥዕል መጽሔት የልጆች ማታለያ ነው ብለው የሚንቁ አሉ። ንቀቱ የዋህነት ይመስለኛል። ለብዙ ወጣት ስለ ወንጀልና ስለ ፍርድ የመጀመሪያውን ትምህርት የሚሰጠው ይኸው መጽሔት ስለ ሆነ ምን እንደሚያስተምር መመርመር ይገባል።

እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1939 ዓ.ም. ቦብ ኬንና ቢል ፊንገር የፈጠሩት ባትማን ብዙ ሀብት የወረሰ ጌታ ነበር። ዲሲ የተባለው አሳታሚ በ2024 ዓ.ም. ማውጣት የጀመረው «አብሶሉት ባትማን» ይህን ገልብጦታል። ደራሲው ስኮት ስናይደር፣ ሠዓሊው ኒክ ድራጎታ ናቸው። አዲሱ ብሩስ ዌይን የአስተማሪ ልጅና መሐንዲስ ነው፤ ቤተ መንግሥት የሚያህል ቤትም ሆነ አሽከር የለውም። የድሮ ጠላቶቹ እዚህ አብሮ አደጎቹ ሆነዋል። አባቱ በጥይት ሞቷል፣ እናቱ ግን በሕይወት አለች። ከሁሉ የወደድሁት ይህን ነው። ሁለቱንም ወላጆቹን የቀበረው ባትማን ማታ ወጥቶ ቢቀር ደጅ ደጁን የምታይለት እናት አልነበረችውም።

ታዲያ ይህ ድኻ ጀግና የሚመታው ማንን ነው? በመጀመሪያው ቍጥር ከደረቱ የነቀለው ምልክት የመጥረቢያ ምላጭ ይሆንና የአንዱን ጭምብል ለባሽ እጅ ይቈርጣል። ሰውዬው ብላክ ማስክ ለተባለው አለቃ የሚሠራ ቅጥረኛ ነው።

ከዚህ ጋር በ1938 ዓ.ም. የወጣውን የ«አክሽን ኮሚክስ» 3ኛ ቍጥር እናስተያይ። ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር (ሱፐርማንን በ130 ዶላር የሸጡት ሁለት ወጣቶች) ጀግናቸውን የማዕድን ሠራተኛ አስመስለው ያቀርቡታል። ሱፐርማን የማዕድኑን ባለቤት ከነተጋባዦቹ ጕድጓድ ውስጥ ካገኛቸው በኋላ መውጫውን ይደረምስባቸዋል። የማንም እጅ አልተቈረጠም፤ ነገር ግን ጌታው ሠራተኞቹ የሚሠሩበትን አደጋ በገዛ ዐይኑ አየ። ሥዕሉ ከድራጎታ ሥዕል ጋር ሲነጻጸር የጀማሪ ሥራ ነው። ፍርዱ ግን ትክክለኛውን ሰው አግኝቷል።

«ታገሥ፣ በአዲሱ ታሪክ ባለጠጋ የሆነው ጆከር ተራው ይደርሰዋል» የሚሉኝ አሉ። ይድረሰው! ግን ለአለቃው ፍርድ ትዕግሥት ሲጠየቅ የቅጥረኛው እጅ በመጀመሪያው ቍጥር የተቈረጠው ስለ ምን ነው? መሐንዲስ የሆነ ጀግና የከተማው ድልድይ በስንት ብር እንደ ተሠራና ገንዘቡን ማን እንደ በላው ሊጠይቅ ይችላል። እኔ መጽሔቱን የምከታተለው ያንን ቍጥር እየጠበቅሁ ነው።