ሳተላይቱ የቤታችሁን ከሰል አያይም

አፍሪካ መሀሏ ቀይ ሆኖ የሚታይበትን ካርታ ሼር ያደረጋችሁ ትኖራላችሁ። እኛም አድርገናል። ቀዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ነዳጅ፣ እንጨት ወይም ከሰል በደንብ ሳይነድ ሲቀር የሚወጣ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ። ካርታውን ያየ ሰው ሁሉ "ይሄን ነው እንዴ የምንተነፍሰው?" ይላል። ነገሩ ግን እንደዛ አይደለም።

ከእነዚህ ካርታዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት ትሮፖሚ ከሚባል መሣሪያ መረጃ ነው። መሣሪያው ያለው እ.ኤ.አ. በ2017 በመጠቀችው የአውሮፓ ሳተላይት፣ ሴንቲኔል-5ፒ ላይ ነው። ከመሬት ተንጸባርቆ የሚመለሰውን የፀሐይ ብርሃን ይቀበላል፤ ጋዙ ከብርሃኑ የተወሰነውን ስለሚውጥ፣ ከጎደለው ተነስቶ መጠኑ ይሰላል። የሚሰላው ታዲያ ከመሬት እስከ ከባቢ አየር ጫፍ ያለው ድምር ነው እንጂ አፍንጫችን ሥር ያለው አይደለም። ካርታው ላይ አንዷ ነጥብ ራሷ 5.5 በ7 ኪሎ ሜትር ነች፤ አንድ ክፍለ ከተማ ሊገባባት ይችላል።

ደግሞ ጋዙ አየር ላይ ለሳምንታት ይቆያል፣ ይጓዛል። የአውስትራሊያ የ2019 እና የ2020 ሰደድ እሳት ጭስ ፓስፊክን ተሻግሮ ደቡብ አሜሪካ ደርሷል። ስለዚህ ቀይ የሆነው ቦታ ሁሌም ጋዙ የወጣበት ቦታ አይደለም። የመካከለኛው አፍሪካ ቀይም ቢሆን በአብዛኛው በበጋ የሚቃጠል ሣርና የእርሻ መሬት ነው፤ ፋብሪካ እንዳይመስላችሁ።

ታዲያ ምን ይጠቅማል? የወረቀት ቁጥርን መፈተሽ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት በትሮፖሚ መረጃ የአፍሪካ ከተሞችን ልቀት አስልቶ፣ ኤድጋር ከሚባለው የልቀት መዝገብ ጋር አነጻጸረው። መዝገቡ የሚዘጋጀው በነዳጅ ፍጆታና በመሳሰለው ስሌት ነው። የሰሜን አፍሪካ ከተሞች መዝገቡ ከሚለው በላይ እያወጡ ተገኙ። ሌላ መዝገብ ደግሞ ለደቡብ አፍሪካና ለኮትዲቯር ከልክ በላይ ጽፎ ተገኘ። መሬት ላይ በቂ መለኪያ በሌለበት አህጉር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን ሳተላይቷ የምታልፈው በቀን አንዴ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ትሮፖሚ ያለ ፀሐይ ብርሃን አይለካም። ማታ ብርድ ሲመጣ ከሰሉን ወደ ቤት አስገብቶ፣ በር ዘግቶ የተኛ ሰው ክፍል የትኛውም ካርታ ላይ ቀይ ሆኖ አይታይም። እዛ ክፍል ውስጥ ያለው ጋዝ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ የሚገድለውም እንደዛ ነው። ከሰል ባለበት ቤት ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከመጣ ሌሎቹን ቀስቅሳችሁ ቶሎ ውጡ፤ በሩንም ክፍት ተዉት።