የማያመውን እግር ፍሩ

አረጋውያን እኩዮቼ፣ አርባ ምንጭ ሲቀላና ሴቻ ያላችሁ፣ ጫሞ ሐይቅ ዳር የምታርሱ፣ ላይ ጨንቻና ቦንኬ ደጋ የቀራችሁም፣ ስሙኝ። ከገበያ ያገኛችሁትን ወይም ከሟች ዘመድ የተረፈውን የቁርጭምጭሚት ድጋፍ እግራችሁ ላይ አትሰሩ። በሌላ ሰው ልክ የተሠራ ድጋፍ ያረጀ እግርን ቀስ ብሎ ያቆስላል፤ እግሩ የደነዘዘ ከሆነ ደግሞ ቁስሉ አጥንት እስኪደርስ ባለቤቱ አያውቅም።

ከሚያመው እግር ይልቅ የማያመውን ፍሩ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ዓመታት ሲቆጠሩ የእግሩ ነርቭ ሊደክም ይችላል። ጫማው ውስጥ የገባች ጠጠር ቀኑን ሙሉ ስትፈጨው ትውላለች፣ እሱ ግን ደህና ነኝ ብሎ ይሄዳል። ዓለም ይህን የተረዳው ከሥጋ ደዌ ሕሙማን ነው። ዶክተር ፖል ብራንድ የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1946 ጀምሮ ደቡብ ህንድ፣ ቬሎር ሲሠራ፣ የሕሙማኑ ጣት የሚያልቀው በሽታው ሥጋን ስለሚበላ እንዳልሆነ አሳየ። ሳይሰማቸው የሚደርስባቸው ግፊት፣ እሳትና ቁስል ነበር የሚጨርሰው። አዲስ አበባ በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምና የተቋቋመው አለርት ለደነዘዘ እግር የሚሆን ጫማ የሚሠራውም ለዚሁ ነው። በስኳርም ነገሩ ያው ነው። ሐኪሙ ቀጭን የናይለን ክር በውስጥ እግራችሁ ላይ ጫን ሲያደርግ ካልተሰማችሁ፣ ማንኛውንም ጫማና ድጋፍ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዓይናችሁ እንጂ በስሜታችሁ አትመኑ።

የእኛ ደጋ ደግሞ የራሱ መዘዝ አለው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ አፈር ጫማ በሌለው እግር ቆዳ በኩል ደቃቅ ማዕድን ያስገባል፤ ማዕድኑም የሊምፍ ቧንቧዎችን ያስቆጣል፣ እግርም ያብጣል። ብዙዎቻችን ዝሆኔ የምንለው፣ ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ ፖዶኮኒዮሲስ ብሎ የሰየመው፣ ይኸው ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ እርግማንም አይደለም። እንዲህ ያበጠ እግር ላይ ጠንካራ የፕላስቲክ ድጋፍ ማሰር ትልቅ ጥፋት ነው፤ ጠዋት ልክ የነበረው ማታ ያንቃል። መጀመሪያ በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ሲቀመጡም እግርን ከፍ ማድረግ ይቀድማል። እብጠቱ ሲጎድል በእግሩ ስፋት የተሠራ ጫማ ይከተላል።

ስለ ወለምታም ልናገር። ወጌሻን አልሰድብም፤ ስንቶቻችንን አቅንቷል። ነገር ግን ቁርጭምጭሚት ተጠምዝዞ አራት እርምጃ መራመድ ካቃታችሁ፣ ከማሸት በፊት ራጅ ተነሡ። የዶርዜ ቤት የሚሠራበት ቀርከሃ ለማቅኛ ተብሎ እግር ላይ ጠብቆ ሲታሰር ደም ያቆማል፤ ጣቱ ቀዝቅዞ ከጠቆረ በኋላ የሚቀረው መቁረጥ ነው። በአገራችን በዚህ ምክንያት እግራቸውንና እጃቸውን ያጡ፣ በተለይም ሕፃናት፣ ብዙ ናቸው።

ለእግራችሁ ልክ የሆነ ድጋፍ ለማሠራት አርባ ምንጭ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ፤ ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ሲደግፈው የኖረ ነው። ባለሙያው እግራችሁን በጀሶ ጠቅልሎ ቅርጹን ይወስዳል። ጀሶው ሲደርቅ ተቀድዶ ይወጣል፤ በውስጡ ሌላ ጀሶ ይፈስስና የእግራችሁ አምሳል ይሠራል። እሱንም አጥንት የሚወጣበት ቦታ ላይ ጨመር፣ ሥጋ ባለበት ቀነስ እያደረገ ያስተካክለዋል። ከዚያ የጋለ የፕላስቲክ ሉህ ይለብስበታል። ጀሶው ሲያዝ ተረከዛችሁ ዘምሞ ከነበረ፣ ድጋፉም ዘምሞ ይወጣል፤ ስለዚህ እዚያ ስትቀመጡ አትቸኩሉ፣ ባለሙያው እንዳስቀመጣችሁ ሁኑ።

አሁን የምናገረው ከሁሉም በላይ የምፈራውን ነው፤ ይሉኝታችንን። ባለሙያው ልጅ ደክሞ የሠራውን ድጋፍ አስሮልን «እንዴት ነው፣ አባባ?» ሲል፣ እኛ «ተመስገን፣ ደህና ነው» እንላለን። እናቶቻችንማ ከዚያም አልፈው መርቀውት ይወጣሉ። እባካችሁ፣ በዚያች ሰዓት አክብሮት ማለት እውነቱን መናገር ነው። ቆማችሁ፣ ተራምዳችሁ፣ ደረጃ ወጥታችሁ ወርዳችሁ፣ የሚነካችሁን ቦታ በጣታችሁ አሳዩት። ድጋፉን አውልቃችሁ ቆዳችሁን እዩ፤ ቀይ ምልክቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልጠፋ መስተካከል አለበት። ሦስቴ ብትመለሱ ማንም አይቀየማችሁም። ለባለሙያው መመለሳችሁ የሥራው ክፍል ነው።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በተቆጡ ወጣቶች ፊት ለሰላም ሲንበረከኩ አገር ሁሉ አይቷል። እኛም እንዲህ ለማስታረቅ፣ የሸንጎ ሜዳችን ዱቡሻ ወጥቶ መቆም፣ ተንበርክኮም መነሣት የሚችል እግር ያስፈልገናል። አልጋ ላይ የቀረ ሽማግሌ ምክሩ ቢኖርም የሚሰማው ቤተሰቡ ብቻ ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል።

አዲሱን ድጋፍ መጀመሪያ ቀን ለአንድ ሰዓት ያህል አድርጋችሁ አውልቁት፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨምሩ። ያለ ካልሲ አትልበሱት፤ በቆላው ሙቀት ላብ ቆዳን ያላላል። ምድጃ አጠገብ አታኑሩት፣ ፕላስቲኩ ይጣመማል። ቢጠብባችሁም በጋለ ቢላዋ ራሳችሁ አትቁረጡት። ጫማችሁ ከድጋፉ ጋር እንዲገባ ሰፋ ያለ ይሁን። ማታ ማታ የልጅ ልጃችሁ ውስጥ እግራችሁን በመብራት ያይላችሁ። ቁስል ካገኘ ድጋፉን ትታችሁ በማግስቱ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ በቅጠል ሸፍናችሁ ገበያ አትውጡ። የሟቹን ድጋፍም ለጎረቤት አታውርሱ፤ ለማዕከሉ መልሱት።